ዓይነት፣ መልክ፣ በሽታ

ቡሬ፣ ሐምሌ፣ ማታ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
የትሁን ምግብ ቤት በሰው ጢም ብሏል፤
ኳሱ አራት ሰዓት ነው፣ ገና ነው ይላሉ፤
እስከዚያ ድረስ ግን ያገኙትን ያያሉ።

ዲሹ የያዘው ጣቢያ ቋንቋው አይገባንም፤
ሪሞቱ ጠፍቷልና ለውጡት አይባልም።
ሰማያዊ ጓንት ያጠለቀ ሐኪም
አንዲት ድመት ይዟል፣ ዓይኑን እንኳ አይነቅልም።
እግሯ ተሰብሮ ነው። ራጁን ሰቀለው፤
እንደ ክብሪት እንጨት ስብራቱን አየነው።

«ለድመት ራጅ!» አለ ይሁኔ፣ ሹሮው ትን ብሎት፤
«እኛ ማርቆስ ድረስ፣ ሦስት ቀን ወረፋ፣ ለናቴ ጉልበት!»
ባለቤቷ አነባች፤ ምንተስኖት ተረጎመ፦
«‹ካሁን ወዲያ አይጡን ማን ይይዝልኛል?› ነው።» ቤቱ በሳቅ ጋመ።

እኔም ስቄ ነበር፤ አልዋሽም፣ ስቄያለሁ፤
ሣጥኔን ከወንበር ሥር በግሬ እየገፋሁ።
ሣጥኔ ውስጥ ያለው፦ ቴርሞሜትር አንድ፣
የከብት መርፌ፣ ጥጥ፣ ወይን ጠጅ ቀለም በጠርሙስ፣ ገመድ፤
ዐሥራ ሁለት ቀበሌ፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣
እሱም ከመጋቢት ወዲህ ጎማ ይመጣለታል ሲባል፣ ሲባል።

ከበሩ አጠገብ ግን እንዳላማው ነበር፣
ጅራፉን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ሻዩን ሳይቀምስ፣ ሲያይ፣ ሳይናገር።
ከሰዓት መጥቶ ነበር ከነፈረሱ፤
ጫንቃው ላይ፣ የጋሪው ማሰሪያ የበላው ቁስል፣ ዝንቦች ሲመላለሱ።
አጠብኩት፤ ቀባሁት፤ «ሦስት ሳምንት ይረፍ» አልኩ።
«ኸሱ ጋር ልጆቼም ይረፉ፣ ኸመብላት?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ ጓንቴን አወለቅኩ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብሎን ተጠመዘዘ፤
አጥንት ካጥንት ጋር እንደ ብረት በር ተያያዘ።
ከዚያ ማስታወቂያ። ሳሙና። የጥርስ ሳሙና። ያማረ ሶፋ።
ስንመለስ ድመቷ ቆማለች፤ ትሄዳለች፤ ሕመሙ ጠፋ።
እነዚያው የሳቁት አጨበጨቡ፤
ይሁኔ እንኳ፣ ሹሮው ቀዝቅዞበት፣ «እሰይ!» አለ ከልቡ።

እንዳላማው ዞሮ በዝቅታ ጠየቀኝ።
«ያ ሐኪም እምቢ የሚልበት ቀን የለም?» ሲለኝ
«ያንን አያሳዩም» አልኩት፤ እንዲያ ነው የመሰለኝ።
«ማስታወቂያው ውስጥ ስንት ቀን አለፈ?» አለ ደግሞ።
«እንጃ። ወር። ሁለት ወር።» ዝም አለ፣ አቀርቅሞ።
«በዚያ መሃልሳ ማን ቀለባት?»
ኳሱ ተጀመረ። ጥያቄዋ ወደቀች፣ ማንም ሳይሰማት።

እዚህ፣ የደከመ ፈረስ ከከተማው ጫፍ ይለቀቃል፤
ጅብ ሂሳቡን ያወራርዳል፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።
ያን ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ሰማሁ፤ በኩች መንገድ ነው፣ ወይ በወንዙ፤
ጆሮዬን ሸፈንኩ። ሐሳቦቼ ግን ጋሪ ጎትተው ተጓዙ።

ጧት ወደ ሥራ ስወርድ ጭቃው እግር ይውጣል፤
ከበርበሬ ተራ በታች አንድ ጋሪ ይመጣል፤
የነጂው ወንበር ቆዳው ተቀዷል፣
ስፖንጁ ወጥቷል፤
እንዳላማው ባዶ ጣውላ ላይ ተቀምጦ መንገዱ ያነጥረዋል፤
ስፖንጁማ ከማሰሪያው ሥር፣ ፈረሱ ጫንቃ ላይ፣ በሲባጎ ተሰፍቷል።

አልዳነም። አሁንም ያነክሳል።
ሦስት ሳምንት የለም፤ ግማሽ ቀን ያርፋል፤
ከቀትር በኋላ እንዳላማው ራሱ ይሸከማል።
ይህን ማን ይቀርጸዋል? አንድ ሰው ከወፍጮ ቤት ጆንያ አዝሎ ወጥቶ፣
ፈረስ ባሕር ዛፍ ሥር ሣር ሲነጭ፣ ጀርባውን ለዝናብ ሰጥቶ።

መዝገቤን ከፈትኩ። ዓምዶቹ የታወቁ ናቸው፦
ቀን፣ የባለቤት ስም፣ ዓይነት፣ መልክ፣ በሽታ፣ መድኃኒት፣ ሂሳብ። ለእንስሳው
ስም ቦታ የለው።
የዚያች ድመት ስም በትልቅ ፊደል ከሥሯ ይጻፍ ነበር፤
የዚህ ፈረስ ስም እንዳላማው አፍ ላይ ነው፣ ዳገት ሲወጡ፣ ጅራፉ ሳይሰነዘር።

ዓይነት፦ ፈረስ። በሽታ፦ የጫንቃ ቁስል፣ ማነከስ።
መድኃኒት፦ ጨው፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ስፖንጅ፣ ጌታው ለግማሽ ቀን ፈረስ።
መልክ የሚለው ላይ ስደርስ የግንባሩን ነጭ ምልክት አስታወስኩ፤
ስሙም መልኩም አንድ ነውና፣ ተቆጣጣሪ ሳያውቅብኝ፣ «ቦራ» ብዬ ጻፍኩ።